ለጀልባ የሚሆን ኮምፔርሳቶ፦ ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጩን ቀቅሉት

የመጀመሪያዋን ጀልባዬን ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ያወረድኳት ኅዳር ላይ ነበር። ሰማያዊ ቀለም፣ ቢጫ ጠርዝ፤ አሞራ ገደል ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች ሳይቀሩ ተራ በተራ ቀዘፉባት። ሁለተኛው ክረምት እንዳለፈ ሆዷን ከውስጥ በኩል ስፍቅ ቀለሙ እንጨቱን ይዞ መጣ። ትንሽ ሳብ ባደርገው የኮምፔርሳቶው ንብሮች ከመሶብ እንደሚነሣ እንጀራ አንድ በአንድ ተነሡ። መገጣጠሚያዋ ምንም አልሆነም፤ ዛሬም ቢሆን ያንን መገጣጠሚያ በመጥረቢያ ካልሆነ አትለዩትም። የከዳኝ ኮምፔርሳቶው ነው፤ እሱን ደግሞ የመረጥኩት እኔው ነኝ፣ ፊቱ አምሮ አይቼ።

ሁለተኛዋን ስጀምር እንደ በግ ገዢ ሆንኩ። በግ የሚገዛ ሰው ጸጉሩን አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም፤ ወገቡን ይጨብጣል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ኮምፔርሳቶም ጥርስ አለው፤ ጠርዙ ነው። ሁለተኛዋ ጀልባ አሁን ስድስተኛ ዓመቷ ላይ ናት። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ግዢ ነው፣ በቅደም ተከተል።

1. ሱቅ ሳትሄዱ ቁርጡን ወረቀት ላይ ጨርሱ

ኮምፔርሳቶ፣ አንዳንዱ ሱቅ ፕላይውድ የሚለው፣ በአብዛኛው 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ነው የሚመጣው። ጀልባችሁ ከዚያ ከረዘመች ሁለት ፍሬ ጫፍ ለጫፍ መቀጠል አለባችሁ። ሲቀጠል ሁለቱም ጫፎች በውፍረታቸው 8 እጥፍ ርዝመት በሰያፍ ተልገው አንዱ በሌላው ላይ ተኝቶ ይጣበቃል። ስለዚህ ለባለ 6 ሚሊ ሜትር 48፣ ለባለ 9 ደግሞ 72 ሚሊ ሜትር ከርዝመቱ ይበላል። ይህን ሳያስብ የቆረጠ ሰው ጀልባዋ ጫፍ ላይ ስትደርስ አምስት ሳንቲ ሜትር ያጥረዋል፤ ያቺን አምስት ሳንቲ ሜትር ለማግኘት ሌላ ሙሉ ፍሬ ይገዛል።

የኔዋ 4 ሜትር ከ20 ርዝመት ያላት፣ ሆደ ጠፍጣፋ፣ በሁለት መቅዘፊያ የምትሄድ ናት። ለጎኖቿ 2 ፍሬ ባለ 6፣ ለወለሏ 2 ፍሬ ባለ 9፣ ለኋላ ግድግዳዋ፣ ለክፈፎቿና ለመቀመጫዋ 1 ፍሬ ባለ 12 በቃት። ወለሉን ከጎኑ ያወፈርኩት ዳር ስትወጣ ድንጋይ ላይ ስለምትጎተት ነው። ባለ 4 የሚባለው ለቀላል የአንድ ሰው ታንኳ ይሆናል፣ ያውም ውስጥና ውጭው ፋይበርግላስ ለብሶ።

«ቤት ውስጥ በኮምፔርሳቶ ጀልባ ይሠራል እንዴ?» ለሚል፦ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣችው «ሚረር» የምትባል 3.3 ሜትር ጀልባ ኮምፔርሳቶውን በመዳብ ሽቦ ሰፍቶ መገጣጠሚያውን በፋይበርግላስ በመዝጋት የምትሠራ ነበረች፤ ከ70,000 በላይ ተሠርታለች፣ ብዙዎቹ በየሰው ጋራዥ። አናጺ መሆን ግድ አይደለም።

2. ስለ ኮላው ጠይቁ፣ መልሱን ግን አትመኑ

ኮምፔርሳቶ ስስ የእንጨት ንብሮች ናቸው፤ የአንዱ ጭረት በቁመት፣ የቀጣዩ በአግድም እየሆነ በኮላ ተጣብቀው በሙቀትና በኃይል የተጫኑ። ስለዚህ ኮምፔርሳቶ ውሃ ላይ የሚኖረው ወይም የሚሞተው በኮላው ነው።

ለቁም ሳጥንና ለቤት ክፍፍል የሚሠራው አብዛኛው በዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የተያያዘ ነው። ርካሽ ነው፣ ደረቅ ቤት ውስጥ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ውሃና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ግን ይፈታል። ለእኛ የሚሆነው በፌኖል ፎርማልዴሃይድ ወይም ሜላሚን በተጨመረበት ኮላ የተያያዘው ነው። አስመጪዎች «ደብሊው ቢ ፒ» የሚሉት ይህን ነው፤ ዝናብና ፀሐይን፣ የፈላ ውሃንም ይችላል ለማለት። «ኤም አር» ካሏችሁ እርጥበት ይቋቋማል ማለት ነው፤ ለኩሽና ቁም ሳጥን ጥሩ ነው፣ ለጀልባ ግን እለፉት።

የፌኖል ኮላ ጠርዝ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ይመርጣል፣ እኔም አደርገው ነበር። ነገር ግን የሜላሚኑ ኮላ ነጣ ያለ ሆኖ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ርካሹ ኮላም ቀለም ተጨምሮበት ሊጠቁር ይችላል። ቀለም ፍንጭ እንጂ ምስክር አይደለም። የሻጭ ቃልም እንዲሁ ነው፤ «ውሃ ይችላል?» ብዬው «አይችልም» ያለኝ ሻጭ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

3. ጠርዙን አንብቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ኪሳችሁ ውስጥ ካልፐር (ውፍረት መለኪያ)፣ ትንሽ ባትሪ፣ ጣት የምታህል ስስ ሽቦና እርሳስ ይኑር። ሻጩን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ክምሩን አንድ በአንድ ስለምታገላብጡ የቀን ሠራተኛ ካለም የሻይ ስጡት።

አንድ ፍሬ ከክምሩ አውጡና በአራቱም ጠርዝ ላይ ባትሪ እያበራችሁ ሂዱ። የምትፈልጉት ከዳር እስከ ዳር ያልተቆረጠ፣ እኩል የወፈረ መስመር ነው። የምትሸሹት ቀዳዳ ነው፤ መካከለኛው ንብር ሁለት ቁራጭ ሆኖ ሳይገናኝ የቀረበት ቦታ። ቀዳዳ ስታገኙ ሽቦዋን ስደዱባት። ጥቂት ሚሊ ሜትር ገብታ ከቆመች የመጋዝ ጥርስ የነቀለው ነው፣ ችግር የለውም። ጣት ሙሉ ገብታ አሁንም ከሄደች ቱቦ አገኛችሁ ማለት ነው። ጀልባ ላይ ያ ቱቦ ውሃን ከአንድ ጠርዝ ተቀብሎ ሆዷ መሃል ያደርሳል፤ ጎኗን ስታጎብጡም ልክ እዚያ ቦታ ላይ ቋ ብሎ ይሰበራል።

ከቀዳዳው የሚብሰው የተደፈነው ቀዳዳ ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ ጠርዙን በስቱኮ ሞልቶ ያለሰልሰዋል። በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት፤ እንጨት ጭረት አለው፣ ስቱኮ ግን ጭረት የሌለው ዱቄት ነው። ጠርዙ በቀይ ወይም በሌላ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ጥጉን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፍጉት። «አይሆንም» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ደህና ዋሉ በሉት።

ቀጥሎ ንብር ቁጠሩ። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ባለ 3 ንብርም ባለ 5 ንብርም ይገኛል፤ ባለ 5ቱን ውሰዱ። ባለ 3ቱ ብዙ ጊዜ ፊትና ጀርባው እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ሆዱ የወፈረ ነው፤ በአንድ በኩል ይጠነክራል፣ በሌላው በኩል ይለግማል። ፊቱ በጣም ከሳሳ ደግሞ ስትፈገፍጉት ያልቃል፣ ከሥሩ ያለው ንብር ብቅ ይላል።

በካልፐር ለኩት። «ስድስት» ተብሎ የሚሸጠው አምስት ከምናምን ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። አምስት ከግማሽ ከሆነ እኔ እወስደዋለሁ፤ በአንድ ጥግ አምስት፣ በሌላው ስድስት ከሆነ ግን አልወስድም፣ ፋብሪካው ሥራውን እንዳልተቆጣጠረ ይነግረኛልና።

አሁን ፍሬውን አቁሙና በጣታችሁ አጥንት እየቆረቆራችሁ ከላይ እስከ ታች ሂዱ። ደህናው ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ባስተጋባበት በእርሳስ ክበቡት። ከዚያ ወደ በሩ ብርሃን አውጡና ፊቱን በአግድም፣ ዓይናችሁን ወደ ጠርዙ አስጠግታችሁ ተመልከቱት። ውስጥ ንብር በንብር ላይ ተደርቦ ከሆነ እንደ አልጋ ልብስ ሥር እንደተረሳ ገመድ ቀጭን ጉብታ ሆኖ ይታያል።

እኔ ይህን ሳደርግ የሱቁ ባለቤት፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ኮምፔርሳቶ ነው ሙሽራ የምትመርጠው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሙሽራማ ብትሆን ውሃ ላይ አልጥላትም» አልኳቸው። ሳቁና «እንግዲያው ከኋላ ያለውን ክምር እየው» አሉ። ጥሩው የነበረው እዚያ ነው። ሰው ምን እንደምትፈልጉ ከገባው ይረዳችኋል፤ ለጀልባ መሆኑን አትደብቁ።

መጨረሻ ላይ መዝኑት። የእህል ሚዛን ያለው ጎረቤት ሱቅ ካለ ይበቃል። የአንዱ ፍሬ ስፋት 2.98 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ 6ቱ 9 ኪሎ ከመዘነ አንድ ሜትር ኪዩብ 500 ኪሎ አካባቢ ነው ማለት ነው፣ ቀላል እንጨት። 12 ኪሎ ከሆነ ወደ 670 ይጠጋል፤ ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ ግን ጀልባዋን ከመኪና ላይ የሚያወርድ ሰው መጨመር አለባችሁ።

4. አንድ ፍሬ ብቻ ገዝታችሁ ቀቅሉት

ከመረጣችሁት ክምር አንዱን ብቻ ግዙ። ለሻጩ «ደህና ከሆነ ቀሪውን ከዚሁ ክምር ከነገ ወዲያ እወስዳለሁ» በሉት፣ ቀብድም ስጡት። ሌላ ክምር ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ ኮላ ሊሆን ይችላል፤ ፈተናው የሚመሰክረው ለዚያው ክምር ብቻ ነው።

ከአጭሩ ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዘንግ ቁረጡና ከእሱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቁራጮች አውጡ። አንዱን ለማመሳከሪያ ደረቁን አስቀምጡት። ሦስቱን የማትበሉበት አሮጌ ድስት ወይም ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱ፣ እንዳይንሳፈፉ ድንጋይ ጫኑባቸው፣ ግቢ ውስጥ እሳት ላይ ጣዱ። ቤት ውስጥ አታድርጉት፤ ከኮላው የሚወጣው እንፋሎት ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል።

አራት ሰዓት ቀቅሉ። ከዚያ አውጥታችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቋቸው፤ 60 ዲግሪ አካባቢ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ምድጃ ካላችሁ አንድ ሌሊት፣ ከሌላችሁ ሁለት የጠራ ፀሐይ ቀን። ከደረቁ በኋላ እንደገና አራት ሰዓት። መፍላቱ ብቻውን ሳይሆን መራስና መድረቁ ነው ኮላውን የሚፈትነው፤ እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር እያንዳንዱን ንብር ወደየራሱ ይጎትተዋል። ጀልባም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፣ በዓመታት ተዘርዝሮ።

አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሀዋሳ 94። መቶ አይደርስም፤ ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው አራት ሰዓት የተባለውን እኔ ወደ ስድስት አስጠጋዋለሁ። የማገዶ ዋጋ ከኮምፔርሳቶ ይረክሳል።

ሲቀዘቅዝ በሁለት ንብር መካከል ጠንካራ ቢላ አስገብታችሁ ፈልቅቁ። ውጤቱን የምታነቡት በተፈለቀቀው ፊት ላይ ነው። እንጨቱ ራሱ ተቀዶ፣ ጭረቱ በሁለቱም በኩል ተንጠልጥሎ ከቀረ ኮላው ከእንጨቱ በልጧል፤ ቀሪውን ግዙ። ፊቱ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ሆኖ ንጹሕ ከተለያየ ኮላው ተሸንፏል፤ ቀብዱን ትታችሁም ቢሆን ሂዱ። ገና ድስቱ ውስጥ እያለ የተፈታ ከሆነማ ቢላም አያስፈልግም። እኔ ከሦስት ሱቅ ካመጣሁት ሦስት ዓይነት ሁለቱ «ደብሊው ቢ ፒ» የሚል ተጽፎባቸው ነበር፤ ከእነሱ አንዱ በመጀመሪያው ሰዓት ተበታተነ።

ከዚያው ፍሬ አንድ ሜትር ርዝመት፣ አሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዘንግ ደግሞ ቁረጡና በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድማችሁ መሃሉን በእጃችሁ ተጫኑ። እንደ ቀስት እኩል መጉበጥ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ክርን ከታጠፈ እዚያ ውስጥ ባዶ አለ።

5. የኮንክሪት ኮምፔርሳቶ ይሆናል?

በብዛት የምታገኙት ለኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ የሚመጣውን፣ ፊቱ ጥቁር ወይም ቡናማ የሚያብለጨልጭ ፊልም የለበሰውን ነው። የግንባታ ነጋዴዎች «ማሪን» የሚሉትም ብዙ ጊዜ እሱኑ ነው፤ ስሙን ሰምታችሁ አትደሰቱ። ኮላው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ሥራው እርጥብ ሲሚንቶ መያዝ ነውና። ሁለት ችግር አለው። ፊልሙ የተሠራው ምንም እንዳይጣበቅበት ስለሆነ ኢፖክሲም (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ቀለምም አይዙበትም፤ ጨርሶ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ መውጣት አለበት፣ አድካሚ ሥራ ነው። ሁለተኛው ሆዱ ነው፤ ኮንክሪት ለመያዝ ባዶ ቦታ ችግር ስላልሆነ ውስጡ ቁርጥራጭ ይበዛዋል። ወፍራሙን ለኋላ ግድግዳና ለክፈፍ፣ ተቀቅሎ ካለፈ፣ ተጠቅሜበታለሁ። ለሚጎብጠው ጎን አልነካውም።

ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካቸው እንደ ተነከረ ዳቦ ናቸው፤ ለመቀመጫም አይሁኑ።

6. ማኅተም ያለው ካገኛችሁ

ለጀልባ ተብሎ የሚሠራው ኮምፔርሳቶ የሚለካበት የታወቀው መስፈርት የእንግሊዞቹ ቢ ኤስ 1088 ነው። ኮላው የፈላ ውሃ የሚችል፣ ፊቱና ውስጡ ከጉድለት የጠራ እንዲሆን ይጠይቃል። የቆየውን ቢ ኤስ 6566 ከተባላችሁ ብዙ ጊዜ ኮላው ያው ሆኖ እንጨቱ ዝቅ ያለ ነው። የእውነተኛው ማኅተም መስፈርቱን ብቻ ሳይሆን የአምራቹን ስም፣ አገሩንና ውፍረቱን ይዞ ይመጣል። ቁጥሩ ብቻ የታተመበትን ማንም ማተም ይችላል፤ እሱንም ቀቅሉት።

አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያላችሁ ሥራችሁ ይቀልላል፤ የጀልባ እንጨት የሚሸጥ ሱቅ ቢ ኤስ 1088 ያቀርብላችኋል። ከትልልቆቹ የግንባታ መደብሮች «ኤክስቴሪየር» የሚል የምታነሡት ኮላው ደህና ሆኖ ሆዱ ባዶ የሚበዛበት ነውና የ3ኛው ተራ ምርመራ እዚያም አይቀርላችሁም። አሜሪካ ውስጥ ከዳግላስ ፈር የሚሠራ የባሕር ኮምፔርሳቶም አለ፤ ጠንካራ ነው፣ ግን በፋይበርግላስ ካልተሸፈነ ፊቱ በፀሐይ ቀጭን ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል። እንዳይበሰብስ በመድኃኒት ተነክሮ የሚሸጠውን ተዉት፤ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፣ ኢፖክሲ እርጥብ አይወድም።

7. እንጨቱስ?

ከኮላው ቀጥሎ ያለ ጥያቄ ነው፣ ያውም ምርጫ ሲኖራችሁ። የጀልባ ሠሪዎች በጣም የሚወዱት ኦኩሜ የተባለውን፣ ዋና አገሩ ጋቦን የሆነውን ዛፍ ነው። ቀላል ነው፣ በደንብ ይጎብጣል፣ ኢፖክሲ ይጠጣል፤ መበስበስን ግን አይቋቋምም፣ ራቁቱን አይቀመጥም። ሜራንቲና ሳፔሌ ይከብዳሉ፣ ይበልጥ ይጸናሉ። በርች እጅግ ጠንካራና በጥሩ ኮላ የሚሠራ ሆኖ ሳለ እርጥበት ከገባው ቶሎ ይበሰብሳል፤ ይከብዳልም።

መበስበስን በተመለከተ አንድ ነገር አትርሱ። እንደ ጣናና ሀዋሳ ያሉት ሐይቆቻችን ጨዋማ አይደሉም። የባሕር ጨው የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ያዳክመዋል፤ ጨው የሌለበት ውሃ፣ በተለይ የዝናብ ውሃ፣ ያለመልመዋል። የኔዋ የመጀመሪያ ጀልባ መላጥ የጀመረችው ሐይቁ በሚነካት በውጭ በኩል አልነበረም፤ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ በተኛበት በውስጥ በኩል ነው። የጣና ደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠግብ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፣ ሲያረጅም ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ኮምፔርሳቶ ያን ያህል አይታገሥም፤ ተገልብጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ነው መክረም ያለበት።

8. አጓጉዙት፣ አስቀምጡት፣ ጠርዙን ዝጉት

የኔው ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ በአይሱዙ ነው የመጣው። ከሲሚንቶ በላይ አስጫኑት፣ በላዩ ላይ ግን ምንም አይጫንበት፤ በሸራ ይጠቅለል፣ ገመዱ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ የካርቶን ቁራጭ አድርጉ። ገመድ የበላው ጥግ ሲቀጠል አይገጥምም።

ቤት ስትደርሱ ግድግዳ ላይ አታስደግፉት፤ በሳምንት ይጎብጣል፣ የጎበጠውን ማቅናት ጣጣ ነው። እኩል ከፍታ ባላቸው አራት አግዳሚ እንጨቶች ላይ አስተኙት፣ በየፍሬው መካከል ስስ ዘንግ አድርጉ፣ ላዩን ሸፍኑት። ጀልባዋን በምትሠሩበት ክፍል ቢያንስ አንድ ሳምንት ይረፍ።

ስትቆርጡ ጥሩውን ፊት በእርሳስ «ውጭ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ከተቆረጠ በኋላ ይጠፋችኋል። በየቁራጩ የተገለጠውን ጠርዝ በዚያው ሳምንት ቀጠን ባለ ኢፖክሲ አጠጡት። የመጀመሪያው ቅብ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፣ ንብሩ ይጠጣዋል፤ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ሁለተኛና ሦስተኛ ድገሙ። ለብሎን የምትበሱትንም ቀዳዳ እንዲሁ አድርጉ፦ ከሚያስፈልገው በላይ አስፍታችሁ ብሱ፣ በኢፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ በመሃሉ በትክክለኛው ልክ እንደገና ብሱ። የቤት ወለል ላይ እንዲፈስ የሚሸጠው ባለ ቀለም ኢፖክሲ ለዚህ አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ እንጨት ውስጥ አይገባም።

የተረፋችሁን ቁራጭ ሳትጥሉ አንዱን ግማሹን ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አቁማችሁ ግቢ ጥግ አስቀምጡት፣ ውሃው ምን እንደሚያደርገው እንድታዩ። የኔው እዚያው ነው፤ ባለቤቴ የጣለችው መስሎኝ ሁለት ጊዜ ደንግጫለሁ።